ትምህርት 11፦ የአንድን ነገር ምክንያት መርምሮ መጻፍ

ባለፉት ትምህርቶች አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው በሥዕላዊ ድርሰት እንዴት እንደምንገልጥ አይተናል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ደግሞ አንድ ነገር ለምን እንደ ሆነ የሚያስረዳውን የገላጭ ድርሰት ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ድርሰት ውስጥ ጸሐፊው ውጤቱን ያያል፤ ምክንያቱን ግን አያይም። ስለዚህ ከሚታየው ወደማይታየው በደረጃ መሄድ አለበት። የተማሪዎችን ድርሰት ያነበበ መምህር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብዙው ተማሪ የሚሰናከለው ምክንያት አጥቶ አይደለም። የመጀመሪያውን ምክንያት ባገኘ ጊዜ ምርመራውን ስለሚያቆም ነው።

ሀ. ምንባብ

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተለው ጥያቄ ላይ ተወያዩ፦ አንድ ሰው «መኪናው ስላረጀ አልነሣ አለ» ቢላችሁ ምክንያቱን ነገራችሁ ማለት ይቻላልን?

አልነሣ ያለው መኪና

የደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አልፎ አልፎም ውርጭ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ጎሕ ሲቀድ በመንገድ ዳር ካደሩት የጭነት መኪናዎች መካከል አዲሶቹ ወዲያው ይነሣሉ፤ አሮጌዎቹ ግን ባለቤቶቻቸውን ያስጨንቃሉ።

ከአሮጌዎቹ አንዱ ፊያት 682፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት መኪና ነው እንበል። የፊያት 682 ዘር በኢጣሊያ አገር መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ተራራማ መንገዶችም ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ይህ መኪና ስሚንቶ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ለመሄድ ተዘጋጅቷል። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ረዳቱ «አርጅቷል፤ ምን ይደረግ!» አለ። በአጠገቡ የቆመ ሰው «ባትሪው ነው» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «የለም፤ የናፍታ ፖምፓው ነው» ብሎ ተከራከረው።

ሦስቱም ሳይመረምሩ ተናገሩ። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ይልቅ ከእውነት የራቀው የረዳቱ ቃል ነው። የባትሪውና የፖምፓው ግምት ተፈትኖ ትክክል ወይም ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «አርጅቷል» የሚለው ግን የሚፈተንበት መንገድ የለውም። እርጅና በራሱ ሞተርን ከመነሣት አይከለክልም፤ የሚከለክለው እርጅና ያላላው ማሰሪያ፣ ያሳሳው ፋሻ፣ የሰነጠቀው ቱቦ ነው። እነዚህም በስማቸው መጠራት ይገባቸዋል።

ግምት ብቻውን ብዙ ያስከፍላል። የፖምፓውን ባለ ግምት የሰማ ባለንብረት ፖምፓውን አስፈትቶ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ልኮ፣ ስሚንቶው በመኪናው ላይ እንዳለ ቀናት ይቆጥራል። ፖምፓው ታድሶ ሲመለስም ሞተሪኖው እንደ መጀመሪያው ቀን አቃስቶ ዝም ሊል ይችላል። የጠፋው ገንዘብ ምናልባት ሾፌሩ ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጠው ነው።

ጠንቃቃው ሾፌር በመጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ነው ወይስ አይዞርም? ይህ ጥያቄ ችግሩን ከሁለት ይከፍለዋል። የናፍታ ሞተር ለመነሣት በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ገደማ መዞር ያስፈልገዋል። ጨርሶ የማይዞር ወይም እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ምርመራው ወደ ባትሪው፣ ወደ ወፋፍራሞቹ ሽቦዎችና ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። በፍጥነት እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪውን መውቀስ ከንቱ ነው፤ የጎደለው ናፍታ፣ አየር ወይም ሙቀት ነው።

የእኛው መኪና ሞተር አልዞረም። ስለዚህ ሾፌሩ የፊት መብራቶቹን አብርቶ ረዳቱ ቁልፉን እንዲያዞር አዘዘና ከፊት ቆሞ ተመለከተ። በዚህ ጊዜ ሊታዩ የሚችሉት ነገሮች ሦስት ናቸው። መብራቱ ምንም ካልተለወጠ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም ማለት ስለሆነ ቁልፉንና የሞተሪኖውን ማገናኛ መመርመር ያስፈልጋል። መብራቱ እየፈዘዘ ከሄደ ባትሪው ሳይደክም አይቀርም። መብራቱ ባንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ቁልፉ ሲለቀቅ ተመልሶ ከበራ ደግሞ፣ ባትሪው ኃይል እያለው በመካከል የሚያግድ መጥፎ ግንኙነት መኖሩን ያመለክታል። የዚያ መኪና መብራት ድርግም አለ።

ሾፌሩ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ወፍራሙ ሽቦ በባትሪው ጫፍ ላይ የታሰረበትን ብረት በጣቱ ዳሰሰው። ሞቆ ነበር። በውርጭ ያደረ ብረት እንዲሁ አይሞቅም። ኤሌክትሪክ በጠበበ መንገድ ሲያልፍ ግን መንገዱን ያሞቀዋል። ማሰሪያውን ሲፈታው ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሚመስል ዝገት ተሸፍኖ አገኘው። በመጀመሪያ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ አላቀቀ፤ ከዚያም ሁሉንም በሙቅ ውሃና በብረት ብሩሽ አጽድቶ፣ ነጌቲቩን በመጨረሻ መልሶ አጥብቆ አሠረው። ይህን ሲያደርግ ረዳቱ ሲጋራ እንዳይለኩስ ከለከለው። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳልና።

ሁለተኛ ሲሞከር ሞተሪኖው በኃይል አዞረ። ሞተሩ ግን አልተነሣም። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች «ድሮስ!» አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ምርመራ አልከሸፈም። አንድ ውጤት ሁለት ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል፣ አንዱ ሲወገድ ሁለተኛው ገና መታየቱ ነው። ቀድሞ ሞተሩ ስለማይዞር ሁለተኛው ችግር ራሱን የሚገልጥበት ዕድል አልነበረውም።

አሁን የሚጠየቀው የጢስ ማውጫው ነው። ሞተሩ እየዞረ ጢስ የሚባል ነገር ካልወጣ ናፍታው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም። ምናልባት ማጥፊያው ገመድ ተይዞ ናፍታውን ዘግቶት ይሆናል፤ ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል፤ ወይም ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ አየር ገብቶ ሌሊቱን ናፍታው ወደ ታንከሩ ተመልሷል። የመጨረሻውን ለማረጋገጥ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስተንፈሻ ላላ አድርጎ በእጅ ፖምፓ መግፋት ይበቃል፤ አረፋ ከወጣ አየር አለ። ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ልምድ የሌለው ሰው አይንካቸው። ከዚያ የሚረጨው ናፍታ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ቆዳን ዘልቆ ይገባል።

ከዚያ መኪና ነጭ ጢስ ቡን ቡን ይል ነበር፤ ሽታውም ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። እንግዲህ ናፍታው ደርሷል፤ ግን አልነደደም። ናፍታ እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ሲያምቀው፣ በጤነኛ ሞተር ውስጥ የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ናፍታውን የሚያነደው ያ ሙቀት ነው። ፋሻዎቹ ሲያልቁ ወይም ቫልቮቹ በደንብ ሳይዘጉ ሲቀሩ የታመቀው አየር ያፈተልካል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። የቀዘቀዘው ብረት ከቀረው ሙቀት ላይ ይሻማል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ራሱ ከመነሻው ያነሰ ነው። ባትሪም በዜሮ ዲግሪ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። እያንዳንዱ ጉድለት ብቻውን ሞተሩን ላያቆመው ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ጧት ሲገናኙ ግን ያቆሙታል።

ሞተሩ በብዙ ሙከራ ነጭ ጢስ እየተፋ ተነሣ፤ ሲሞቅም ጢሱ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ጣርማ በርን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ወረደ። ሾፌሩ እዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ምሳ በልቶ ሲመለስ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣለት። በደብተሩም ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የባትሪው ማሰሪያ ዝጎ ነበር፤ ጸድቷል። ፋሻው ሳያልቅ አይቀርም፤ በጋራዥ እመቃው ይለካ።»

ለ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ሾፌሩ ስለ ማሰሪያው ሲጽፍ «ዝጎ ነበር» አለ፤ ስለ ፋሻው ግን «ሳያልቅ አይቀርም» አለ። አገላለጡን የለየው ለምንድን ነው?
2. መኪናው በሸዋ ሮቢት ወዲያው መነሣቱ ፋሻው ለማለቁ በቂ ማስረጃ ነውን? በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከከፍታው ሌላ ምን ምን ነገር ተለውጧል?
3. ሾፌሩ ማሰሪያውን ባጸዳበት ጊዜ አዲስ ባትሪም ገዝቶ ቢተክል ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ መጻፍ ይሳነው ነበር?

ሐ. የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ ያሉት የመኪና ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚያም በኋላ በጋራዦች ውስጥ ከሠሩት ጣሊያናውያን ወደ አማርኛ ገብተዋል። ሞተሪኖ በጣሊያንኛ «ትንሽ ሞተር» ማለት ሲሆን ትልቁን ሞተር የሚያስነሣውን መሣሪያ ያመለክታል። ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ናፍታና ጎማም እንዲሁ ናቸው። በአንዳንድ የናፍታ ሞተሮች ውስጥ ሲሊንደሩን አስቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ «ትንሽ ሻማ» ማለት ነው። ሾፌርና ጋራዥ ግን ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው።

እነዚህን ቃላት «ባዕድ ናቸው» ብሎ ከድርሰት ማስወጣት አይገባም። መካኒኩና ሾፌሩ የሚግባቡባቸው የሥራ ቃላት ናቸው፤ በምትካቸው የሚፈጠረው ረጅም ሐረግ አንባቢን ያደናግራል እንጂ ቋንቋውን አያበለጽግም። በሌላ በኩል ማሰሪያ፣ ማስተንፈሻ የሚሉትን ተመልከቱ። ፋሻ የሚለው ደግሞ ቁስል የሚታሰርበትን ጨርቅም ይጠራል። በፒስተኑ ዙሪያ የሚጠመጠመው ቀለበት ይህን ስም ያገኘው በምን ተመሳሳይነት ይመስላችኋል?

መ. ሰዋስው

1. «አልነሣ አለ»። ይህ አነጋገር በአማርኛ እጅግ የተለመደ ነው። አልነሣ የሚለው ግሥ በአንደኛ መደብ ነጠላ ቁጥር የተነገረ አሉታ ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲታይ መኪናው ራሱ «አልነሣ!» ብሎ እንደ ተናገረ ያስመስላል። አድራጊው ሲለወጥ የሚለወጠው አለ የሚለው ግሥ ብቻ ነው፦ መኪናዋ አልነሣ አለች፤ መኪናዎቹ አልነሣ አሉ። አነጋገሩ ለመኪናው ፈቃድና እልህ ይሰጠዋል። በጨዋታና በትረካ ያምራል፤ ለዚህም ነው የምንባቡ ርእስ የሆነው። ምክንያት በሚመረመርበት አንቀጽ ውስጥ ግን «ሞተሩ ሳይነሣ ቀረ» ወይም «ሞተሩ ሊነሣ አልቻለም» ማለት ይሻላል፤ ፈቃድ ያለው ነገር ምክንያት አይፈለግለትምና።

ደግሞም ተነሣ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። «መኪናው ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሣ» ሲባል ጉዞ ጀመረ ማለት ነው ወይስ ሞተሩ መሥራት ጀመረ ማለት ነው? ሁለተኛው ከሆነ ባለቤቱን «ሞተሩ» ብሎ መጥራት ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

2. ከ«አለ» ጋር የሚነገሩ ግሦች። አማርኛ ያዩትንና የሰሙትን በመጠን ለይቶ ለመናገር የተመቸ ቋንቋ ነው። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

መብራቱ ፈዘዝ አለ። (በጥቂቱ ቀነሰ)
መብራቱ ፍዝዝ አለ። (እጅግ ቀነሰ)
መብራቱ ድርግም አለ። (ባንድ ጊዜ ጠፋ)

በተራ ወሬ ሦስቱንም «መብራቱ ደከመ» ብሎ መጠቅለል ይቻላል። ነገር ግን በምንባቡ እንዳየነው ፈዘዝ ማለትና ድርግም ማለት ወደ ተለያዩ ምክንያቶች ይመራሉ፤ አንደኛው ወደ ባትሪው፣ ሁለተኛው ወደ ማሰሪያው። ቃሉን ያሳሳተ ረዳት መካኒኩንም ያሳስታል። እንዲሁም ደከም አለ እና ድክም አለ፣ ከፈት አደረገ እና ክፍት አደረገ የሚሉት በምን እንደሚለያዩ በዓረፍተ ነገር አሳዩ።

3. የእርግጠኝነት ደረጃ። ምክንያትን የሚናገር ዓረፍተ ነገር በመጨረሻው ግሥ ላይ ተናጋሪው ምን ያህል እንዳረጋገጠ ይታያል።

ምክንያቱ የማሰሪያው መዛግ ነው።
ምክንያቱ የማሰሪያው መዛግ ሳይሆን አይቀርም።
ምክንያቱ የማሰሪያው መዛግ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ተፈትኖ ለታወቀ ነገር፣ ሁለተኛው ብዙ ምልክት ለተገኘበት፣ ሦስተኛው ገና ላልተመረመረ ግምት ይነገራል። ብዙ ተማሪዎች ሦስተኛው የድካም ምልክት እየመሰላቸው ሁልጊዜ በነው ይደመድማሉ። ያልታየውን በነው መዝጋት ጽሑፉን አያጠነክረውም፤ በምንባቡ የባትሪና የፖምፓ ተከራካሪዎች ሁለቱም በነው እንደ ተናገሩ አስታውሱ።

4. «ባይ... ኖሮ ... ነበር»። አንድ ነገር በእርግጥ ምክንያት መሆኑን የምንፈትንበት የዓረፍተ ነገር ዓይነት ይህ ነው።

ማሰሪያው ባይዝግ ኖሮ ሞተሪኖው በኃይል ባዞረ ነበር።

ሾፌሩ ይህን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ልብ ሊናገር የቻለው ማሰሪያውን ብቻ አጽድቶ፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ ስለ ሞከረ ነው። «ማሰሪያው ባይዝግ ኖሮ ሞተሩ በተነሣ ነበር» ቢል ግን ሐሰት በሆነ ነበር፤ ማሰሪያው ጸድቶ ሳለ ሞተሩ ወዲያው አልተነሣምና። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚለያዩት በሚናገሩት ውጤት ብቻ መሆኑን አስተውሉ። ማሰሪያውን ማጽዳት፣ ባትሪ መለወጥና ፖምፓ ማሳደስ ባንድ ቀን ቢደረጉ ኖሮ መኪናው ሊነሣ ይችል ነበር፤ ከሦስቱ የትኛው እንዳስነሣው ግን ማንም «ባይ... ኖሮ» ብሎ መናገር አይችልም።

ሠ. መልመጃ

አንድ። የሚከተለውን የተማሪ አንቀጽ አንብባችሁ ምክንያት መስለው የቀረቡትን ነገር ግን ምክንያት ያልሆኑትን አስምሩባቸው። ከዚያም የተጻፈው በምን ያህል እርግጠኝነት መሆን እንደሚገባው እያመዛዘናችሁ አንቀጹን እንደገና ጻፉ።

«የመንደራችን ወፍጮ ከትናንት ጀምሮ አልነሣ ብሏል። ወፍጮው የቆየ ስለሆነ ነው። ደግሞ ባለቤቱ ዕድለ ቢስ ሰው ነው። ትናንት ዝናብ ዘንቦ ነበር። ስለዚህ ናፍታው ውስጥ ውሃ ገብቷል። ሞተሩ ሲዞር ምንም ጢስ አይታይም።»

ሁለት። በሚከተሉት አስተውሎቶች ላይ ተመሥርታችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

በአዋሽ በረሃ የሚመላለስ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ጧት በቀዝቃዛው ሰዓት ሞተሩ ወዲያው ይነሣል። እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ተሳፋሪዎቹ ምሳ በልተው ሲመለሱ ግን፣ ሞተሪኖው በፍጥነት እያዞረው ሳይነሣ ይቀራል፤ ከጢስ ማውጫውም ጢስ አይታይም። ናፍታ ሲሞቅ እንደሚቀጥን፣ ባለቀ ፖምፓ ውስጥም የቀጠነ ናፍታ በቀላሉ እንደሚያፈተልክ ይታወቃል። ረዳቱ ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ሞተሩ ተነሣ።

በድርሰታችሁ ውስጥ ለሚከተለው መልስ ስጡ፦ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የቀዘቀዘው ፖምፓው ብቻ ነውን? ረዳቱ «ጨርቁ ባይኖር ኖሮ ሞተሩ ባልተነሣ ነበር» ለማለት እንዲችል በሚቀጥለው ቀን እኩለ ቀን ላይ ምን ማድረግ ይኖርበታል?